የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ሳያቋርጡ ስለ መውሰድ



በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አወሳሰድ ነው። ርእሱን በመረጥን ጊዜ «ይህ እኮ የሐኪም ነገር ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ምን አገባቸው?» ያሉን አልጠፉም። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ከመካከላችን በአንዱ ላይ የደረሰውን ካወቅን በኋላ ግን ነገሩ ለሐኪም ብቻ የሚተው አለመሆኑን ተረዳን። ሐኪም ታማሚውን የሚያየው በወራት አንድ ቀን ነው፤ በቀሩት ቀኖች ሁሉ ከእርሱ ጋር የምንውለው እኛ ነን። ስለዚህ አስቀድመን የሆነውን እንነግራችኋለን፤ ቀጥሎም መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ፥ ሰዎች ስለምን እንደሚያቋርጡትና ከእኛ ምን እንደሚጠበቅ በተራ እናያለን።

1ኛ/ የሆነው ነገር

የምንናገርለትን ሰው «ወንድማችን» እያልን እንጠራዋለን። ወንድም ይሁን እኅት፥ የየትኛው ክፍል አባል እንደ ሆነም አንገልጽም። ጽሑፉ ከመባዛቱ በፊት አንብቦት ፈቅዶልናል። አንባቢ «ማን ይሆን?» ብሎ መፈለግ ከጀመረ የጽሑፉ ቁም ነገር አመለጠው ማለት ነው፤ ወንድማችንን የጎዳው ይኸው «ማን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነውና።

ወንድማችን መድኃኒቱን በየቀኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይወስድ ነበር። እንዳይረሳም የእጅ ስልኩ በዚያ ሰዓት እንዲደውል አድርጎ ነበር። በዚያ ወራት እኛ ለበዓል የሚቀርበውን መዝሙር ለማጥናት በየምሽቱ እንሰበሰብ ነበር። ደወሉ በጥናታችን መካከል ጮኸ። በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ጮኸ። በሦስተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ «ይህ ስልክ የምን ቀጠሮ አለበት?» አለ። ሌላውም ቀበል አድርጎ «መድኃኒት ጀመረ እንዴ?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። በክፋት አልነበረም፤ ማንም ምንም አላወቀም ነበር። ወንድማችንም አብሮን ሳቀ። በዚያው ምሽት ግን ደወሉን አጠፋው።

ከዚያ ወዲህ ጥናቱ ሲያበቃ ከቤት ገብቶ ለመውሰድ አሰበ። ጥናቱ ግን አንድ ቀን በ3 ሰዓት፥ ሌላ ቀን በ4 ሰዓት ተኩል ያበቃ ነበር፤ ደክሞት ሳይወስድ የሚተኛበት ሌሊት እየበዛ ሄደ። ለጉዞ በወጣን ጊዜም የሁላችንም ሻንጣ በአንድ ክፍል እንዲቀመጥ ተደርጎ ስለ ነበር፥ የብልቃጡ ኮሽታ እንዳይሰማበት ብሎ መድኃኒቱን ከነአካቴው ቤት ትቶት ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። በቀጠሮው ቀን ደሙ ሲመረመር፥ ከዚያ በፊት ለዓመታት በምርመራ የማይታይ የነበረው ቫይረስ እንደገና በዝቶ ተገኘ።

በኋላ እንዲህ ሲል ነገረን፦ «ባለሙያዋ ስለምን እንዳቋረጥኩ ስትጠይቀኝ ረሳሁ አልኋት። እኔ ግን አልረሳሁም፤ አፍሬ ነው።»

2ኛ/ መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

ኤች አይ ቪ ሰውነታችንን ከበሽታ በሚከላከሉት ሕዋሳት ውስጥ እየገባ የሚባዛ ቫይረስ ነው። ዛሬ በአገራችን ብዙ ሰዎች የሚወስዱት መድኃኒት ቴኖፎቪር፥ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የሚባሉት ሦስት መድኃኒቶች በአንድ እንክብል ተዋሕደው የተዘጋጁበት ሲሆን፥ በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል። እነዚህ መድኃኒቶች ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግዱታል፤ ጨርሰው ግን አያጠፉትም። በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ ቫይረስ አለ፤ መድኃኒቱም የተኛውን አያገኘውም።

ይህን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ገበሬ በገደል አፋፍ ላይ ማሽላ ዘርቶ፥ ዝንጀሮ እንዳያጠፋበት ከማማ ላይ ጠባቂ አቆመ። ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ ስለሚውል ዝንጀሮው ከገደሉ አይወጣም። ገበሬውም ማሽላው አምሮ ባየ ጊዜ «ዝንጀሮ እንደሆነ የለም፤ ይህ ጠባቂ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ጠባቂውን አሰናበተ። ዝንጀሮው ግን ከገደሉ ውስጥ ነበር እንጂ አልሄደም። መድኃኒቱ ጠባቂው ነው፤ ጤናው ማሽላው ነው። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ደሙ በምርመራ ንጹሕ መስሎ ቢታይም፥ በአብዛኛው ሰው ላይ ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይባዛል።

ሁለተኛ ጉዳትም አለ። ቫይረሱ በሚባዛበት ጊዜ ራሱን በትክክል አይገለብጥም፤ ብዙ ስሕተት ይሠራል። ከስሕተቶቹም መካከል መድኃኒቱን መቋቋም የሚያስችሉት ይገኛሉ። በደም ውስጥ በቂ መድኃኒት ካለ ቫይረሱ ስለማይባዛ ይህ ዕድል አይገጥመውም። አንድ ቀን እየዋጡ ሌላ ቀን እየተዉ ሲወስዱ ግን መድኃኒቱ ቫይረሱን ለማገድ የሚያንስ፥ ለማለማመድ የሚበቃ ይሆናል። መድኃኒቱን የተላመደ ቫይረስ ያለበት ሰው ወደ ሌላ ዓይነት መድኃኒት መዛወር ያስፈልገዋል፤ የመድኃኒቱም ዓይነት ስፍር ቁጥር የሌለው አይደለም።

በቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ጊዜ ታማሚው ከታዘዘለት ከመቶ 95 እጁን ሳያጓድል እንዲወስድ ይነገረው ነበር። ይህም ሲሰላ ከ30 እንክብል ከአንድ በላይ አለመዝለል ማለት ነው። የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ከቀድሞዎቹ ይልቅ ጥቂት መሳትን ይታገሣሉ፤ ይሁን እንጂ ልማድ የሆነን መዝለል የሚታገሥ መድኃኒት የለም።

መድኃኒቱን በአግባቡ የወሰደ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ ብዙ ነው። ሠርቶ ያድራል፥ ትዳር ይመሠርታል፥ ከቫይረሱ ነጻ የሆነ ልጅ ይወልዳል፤ ዕድሜውም ከሌላው ሰው ዕድሜ እምብዛም አያንስም። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ እንደ ሆነ ከቆየም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ በብዙ ባልና ሚስት ላይ በተደረገ ጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው።

3ኛ/ ሰዎች ስለምን ያቋርጣሉ?

ሀ/ ኀፍረትና ምስጢር። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስለናል። በሰፈሩ ካለው ጤና ጣቢያ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ብሎ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ ሩቅ ቦታ መድኃኒት የሚወስድ አለ። ኮሽታው እንዳይሰማ እንክብሉን ከብልቃጡ አውጥቶ በወረቀት የሚጠቀልል፥ ጽሑፉን ከብልቃጡ ላይ ልጦ የሚጥል አለ። ከባልዋ ደብቃ የምትወስድ ሚስት፥ እንግዳ ቤት ባደረ ቁጥር አንድ ቀን ትዘላለች። እንዲህ ያለው ሰው የመድኃኒቱን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዛሬ ቢታወቅብኝስ የሚለው ፍርሃት፥ ነገ ብታመምስ ከሚለው ፍርሃት ስለሚቀርበው ነው።

ለ/ ጤና መሰማት። ሰው ሲያመው መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሲሻለው ይተወዋል። ለራስ ምታት ይህ ልማድ አይጎዳም፤ ለኤች አይ ቪ ግን ያጠፋል። ብዙ ሰዎች የሚያቋርጡት ብርታት ባገኙና ወደ ሥራቸው በተመለሱ ጊዜ ነው። ብርታቱን የሰጣቸው መድኃኒቱ እንደ ሆነ ይዘነጋሉ፤ ጠባቂውን እንዳሰናበተው ገበሬ መሆናቸው ነው።

ሐ/ ጠበልና ጾም። ይህ በቀጥታ የሚመለከተን ስለ ሆነ ረዘም አድርገን እንናገራለን። በአገራችን ሕሙማኑ በሐኪም የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሲሆን፥ መድኃኒቱ በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ2003፥ በነጻ የተዳረሰው ደግሞ ከ2005 ወዲህ ነው። በመካከሉ በነበሩት ረጅም ዓመታት ለብዙው ሰው ከጠበል በቀር የሚሄድበት አልነበረውም፤ በእንጦጦ ጠበል ቦታ ቤት ተከራይተው የተቀመጡት ሕሙማን ብዙ ነበሩ። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም «መድኃኒት የሚወስድ እምነት ጎድሎታል» የሚል ንግግር ስለ ተሰማ መድኃኒታቸውን ጥለው ወደ ጠበል የሄዱ ነበሩ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልንና መድኃኒትን አንድ ላይ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ አስታውቀዋል። እንግዲህ ዛሬ አንድ ሰው ከጠበል ቦታ «መድኃኒትህን ጣል» ቢለን፥ የራሱን አሳብ እንጂ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እንዳልነገረን ልናውቅ ይገባናል።

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው። ከላይ የጠቀስነው እንክብል ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ማታ ከማዕድ በኋላ የሚወስድ ሰው ጾሙም አይፈርስ፥ መድኃኒቱም አይጓደል። ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው ግን 18 ሰዓት ስለሚጾም የማታው ሰዓት ሊጋጭበት ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ በገዛ ፈቃዱ መዝለል አይገባውም፤ አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ ገልጾ፥ ከጤና ባለሙያውም ጋር ተማክሮ ሰዓቱን ማስማማት ይችላል። ከሁለቱም ወገን መፍትሔ አይታጣም፤ የሚታጣው ጠያቂ ነው።

መ/ ምግብ፥ ገንዘብና መንገድ። መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ መንገዱ ግን በነጻ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ለቀጠሮ ሲሄድ የመሳፈሪያውን ያወጣል፥ የቀኑንም ደመወዝ ያጣል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚወርደው ወጣት መድኃኒቱ ከአጨዳው በፊት ሲያልቅበት ከማያውቀው ጤና ጣቢያ ገብቶ ለመጠየቅ ያፍራል። ጦርነት በሆነበት አገር ደግሞ መንገዱም ጤና ጣቢያውም ይዘጋል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው ጦርነት መድኃኒት የተቋረጠባቸው ወገኖቻችን በገዛ እጃቸው ያቋረጡ አልነበሩም። የሚበላ ያጣም ሰው «በባዶ ሆዴ ያዞረኛል» እያለ ይተወዋል። ደኅና ለሆኑና መድኃኒቱን በአግባቡ ለሚወስዱ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚሰጥበት አሠራር መጀመሩ ይህን ችግር በብዙ አቃሎታል፤ ሁሉን ግን አላቃለለም።

ሠ/ የመድኃኒቱ ጠባይ። የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ያስቸግሩ ነበር። ስታቩዲን የሚባለው የፊትን ሥጋ ያሟሽሽ፥ እግርንም ያቃጥል ነበር፤ ኢፋቪሬንዝ የሚባለው ደግሞ ያዞራል፥ ቅዠትም ያመጣል። ያን ጊዜ የተሠቃየ ሰው ወሬው እስከ ዛሬ ስለሚነገር፥ መድኃኒቱ የተለወጠ መሆኑን ሳያውቅ የሚፈራ አለ። የዛሬው በአብዛኛው ቀላል ነው። ያም ቢሆን የእንቅልፍ ማጣት ወይም ሌላ ችግር የገጠመው ሰው ለባለሙያው መንገር እንጂ ዝም ብሎ ማቆም የለበትም። የደም ማነስ ብረት፥ ካልሲየም ወይም የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ እነዚህ ከዶሉቴግራቪር ጋር በአንድ ሰዓት ሲዋጡ ኃይሉን ሊቀንሱት ይችላሉና።

ረ/ ከልጅነት ጀምሮ የሚወስዱ ወጣቶች። ይህ እኛን የሚያህሉትን ይመለከታል። ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ልጆች መድኃኒቱን የሚውጡት አሳዳጊዎቻቸው «የሳል ነው» ወይም «የቫይታሚን ነው» እያሉ ሲሰጡአቸው ነው። እውነቱን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ፥ ያውም ከሌላ ሰው አፍ ወይም ከብልቃጡ ላይ አንብበው ነው። በዚያን ጊዜ ይናደዳሉ፤ በማንም ላይ ሊወጡት የማይችሉትን ንዴት በመድኃኒቱ ላይ ይወጡታል። እንዲህ ያለውን ወጣት «እልኸኛ ነህ» ብሎ መገሠጽ አይጠቅመውም። አስቀድሞ ያዘነበትን ነገር የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።

4ኛ/ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ወንድማችን ወደ ጤና ጣቢያው በተመለሰ ጊዜ አልተቆጡትም። ባለሙያዋ በየወሩ እየጠራች ታነጋግረው ነበር፤ «ረሳሁ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ያለውንም ቀስ ብላ አወጣችው። ከዚያም የሚያምነውን አንድ ሰው እንዲመርጥ ጠየቀችው። እርሱም ከመካከላችን አንዱን መረጠ፤ ከጊዜ በኋላም በገዛ ፈቃዱ ለጥቂቶቻችን ነገረን። ስለዚያ የደወል ቀልድ ሲነግረን አንገታችንን ደፋን። አንዳችንም ቀልዱን አላስታወስነውም ነበር፤ እርሱ ግን ማን በየት በኩል ተቀምጦ እንደ ነበረ ሳይቀር ያስታውሳል።

ለሦስት ወር ያህል ሳያጓድል ከወሰደ በኋላ ደሙ እንደገና ተመረመረ፤ ቫይረሱም በምርመራ የማይታይ ሆነ። ቫይረሱ ገና መድኃኒቱን ስላልተላመደ ነው እንጂ፥ ሁሉም ሰው እንዲህ አይመለስለትም።

እኛም ተነጋግረን እነዚህን ነገሮች ወሰንን፤ ሌሎች ክፍሎችም ቢያደርጓቸው ይጠቅማሉ ብለን እናስባለን።

አንደኛ፥ በየጥናቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለሁሉም የአምስት ደቂቃ የውኃ መጠጫ ዕረፍት አደረግን። የሚፈልግ ይወጣል፥ የሚፈልግ ይቀመጣል፤ ማንም ማንንም «ወዴት ነው?» አይልም። በዚያ ሰዓት ምን ያህል ሰው መድኃኒቱን እንደሚወስድ አናውቅም፤ ማወቅም አንፈልግም። የስኳር፥ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱም ይጠቀሙበታልና።

ሁለተኛ፥ በጉዞ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ሻንጣውን ከራሱ ጋር እንዲይዝ፥ የማንም ዕቃ ያለ ፈቃዱ እንዳይነካ ተስማማን።

ሦስተኛ፥ በበሽታ ስም አንቀልድም። ቀልዱ የሚያርፍበትን ቦታ ቀልደኛው አያውቀውምና።

አራተኛ፥ አንድ ሰው ምስጢሩን ቢነግረን ለሌላ አንናገርም፤ «ለጸሎት እንዲሆን ነው» ብለንም ቢሆን አንናገርም። በጸሎት ስም የወጣ ምስጢርም የወጣ ምስጢር ነው።

አምስተኛ፥ የተቸገረ ወንድም ካለ የመሳፈሪያውን እንሸፍናለን፤ ለምን ጉዳይ እንደ ሆነ ግን እንዲያስረዳ አንጠይቅም።

አንድ ቀን መድኃኒቱን ለረሳ ሰው የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ባስታወሰበት ሰዓት ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያንኑ አንዱን ብቻ ይውሰድ፤ ለማካካስ ብሎ ሁለት አይዋጥ። ወራት ያቋረጠም ቢሆን «እንግዲህ ምን ፊት አለኝ?» ሳይል ይመለስ። ተመላሽን የሚያባርር ጤና ባለሙያ ሥራውን አላወቀም፤ ተመላሽን የሚያሳፍር ወዳጅም ወዳጅ አይደለም።

5ኛ/ ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። መድኃኒት ስላቋረጠ ሰው ስንሰማ «ግዴለሽ ነው» ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን። መድኃኒቱን የሚውጠው አንድ ሰው መሆኑ እውነት ነው፤ እንዳይውጥ የሚያደርጉት ግን ብዙዎች ናቸው፤ ከብዙዎቹም መካከል እኛ ነበርን። እንክብሉን ለመዋጥ አንድ ጉንጭ ውኃ ይበቃል። ያን ውኃ ሰው ሳይፈራ የሚጠጣበትን ቦታ ማዘጋጀት ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ወንድማችን አሁን ደወሉን መልሶ ከፍቶታል። በጥናት መካከል ሲጮኽ ማንም ዘወር ብሎ አያይም፤ ሰዓት ተቈጣጣሪያችን ብቻ «ዕረፍት ነው» ይላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክፍላችሁ ውስጥ አንድ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዳይወስድ የሚያግዱት ልማዶች የትኞቹ ናቸው?
2. «ጠበል የሚጠቀም መድኃኒት መውሰድ የለበትም» ለሚል ሰው ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ?
3. መድኃኒት ማቋረጡን የነገራችሁን ወዳጅ መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ? የማትሉትስ ምንድን ነው?